የጅማን ቤት በጥር አይታችሁ አትያዙ

ጅማ የገባሁት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ፣ ጠዋት ሹራብ የሚያስለብስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐዩ ደስ የሚል ወቅት ነበር። በደረስኩ በአምስተኛው ቀን ቤት ያዝኩ። በሐምሌ ከእናቴ፣ ከልጄና ከሻገተው ፍራሻችን ጋር ለቅቄ ወጣሁ። በመካከሉ ያሉትን ስድስት ወራት እዚህ የምጽፈው ለሥራ ወደዚህ ከተማ የምትመጡ ሰዎች፣ በተለይም ቤተሰብ ይዛችሁ የምትመጡ፣ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ስለምፈልግ ነው።

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ላኪ ድርጅት ቤተ ሙከራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት በ14,000 ብር ተከራይተን እናቴ፣ የሰባት ዓመት ልጄና እኔ እንኖር ነበር። ኪራዩ ተከፍሎ፣ የታክሲው ተከፍሎ፣ የትምህርት ቤቱ ተከፍሎ የሚተርፈው ገንዘብ ወሩን ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ ጅማ ከተማ መውጫ ላይ ያለ አንድ የቡና ማበጠሪያ በእጅ የሚደርስ 21,000 ብር ደመወዝ ሲያቀርብልኝ ሁለት ሌሊት ብቻ አስቤ እሺ አልኩ። ደግሞም ለአንድ ቀማሽ ጅማ ባዕድ አገር አይደለም። «ጅማ አምስት» የሚባለውን የደረቅ ቡና ደረጃ ስንት ጊዜ ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በማንኪያ ስቤዋለሁ። ቡናው የሚመጣበትን ምድር በዓይኔ ማየት ለብዙ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በወሊሶ፣ በወልቂጤ አድርጎ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። እናቴ መንገዱን ሙሉ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋ ነበር የመጣችው። ሰርቦን አልፈን ከተማው ሲቃረብ፣ በጥር እንኳን ያልጠወለገውን አረንጓዴ አይታ፦

«እዚህ አገር ውሃ አይጠፋም» አለች።

እውነት ነው፤ አይጠፋም። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። እኔ ግን የአዲስ አበባ ሰው ሆኜ ክረምት ማለት ሰኔ የሚገባ፣ በመስከረም የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ አንዳንድ ቀን እያለ ይመጣና በሚያዝያ ደንበኛ ይሆናል፤ ከዚያ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት አይለቅም። በዓመት ውስጥ ቤቱ የሚደርቅባቸው ወራት ጥቂት ናቸው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቤቱን ያየሁት ከእነዚያ ጥቂት ወራት በአንዱ ነው።

በጀቴን ከመነሳቴ በፊት ወስኜ ነበር፤ ኪራይ ከ6,000 ብር አይበልጥም። ደላላው ይህን ስነግረው ሳቅ አላለም፤ እንዲያውም ብዙ አማራጭ እንዳለ ነግሮኝ በባጃጅ ሁለት ቀን አዞረኝ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢና በሆስፒታሉ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ደህና ነበሩ። ነገር ግን እዚያ ቤት የሚከራየው በክፍል ነው። ተማሪ፣ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ አስታማሚ ሁሉም ለአንድ ክፍል ይሻማል፤ ስለዚህ ለሦስት ሰው የሚበቃ ቤት ለመያዝ የሦስት ተከራይ ዋጋ መክፈል ያስፈልጋል። ቂጦ ፉርዲሳ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ባለበት በኩል፣ ሁኔታው ተመሳሳይ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ በረንዳቸው ሰፊ የሆኑ የቆዩ ቤቶች አይቼ ልቤ ቀርቶ ነበር፤ ባዶ ግን አልተገኘም። ሂርማታ መርካቶ አጠገብ ያየሁት ቤት ለገበያ የተመቸ ነው፤ የሐሙስ ገበያው ሲቆም ግን ከደጃፍ መውጣት ጭንቅ ነው፤ እናቴም ጫጫታ አትችልም።

በሦስተኛው ቀን ደላላው ወደ ከተማው ዳር ወሰደኝ። የሰፈሩን ስም አልጽፍም፤ ዛሬም ደጋግ ጎረቤቶቼ የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ የስህተቱም ባለቤት ሰፈሩ አይደለም። ሁለት ክፍል፣ ለብቻው የቆመ ማድ ቤት፣ ለልጅ መሮጫ የሚሆን ግቢ፣ አዲስ የተቀባ ግድግዳ። ዋጋው 3,500 ብር።

«እህቴ፣ ለዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ቤት ሌላ ቦታ አታገኚም» አለኝ።

ግቢው ጥግ ላይ ለምለም ቄጠማ በቅሏል። እናቴ ጎንበስ ብላ ዳሰሰችውና ፊቷ በራ። «ለበዓል ቄጠማ አንገዛም» አለች። አዲስ አበባ አንድ እቅፍ ቄጠማ በበዓል ዋዜማ ስንት ብር እንደሚሸጥ ስለምናውቅ እኔም ደስ አለኝ። በጥር፣ ሌላው ሣር ሁሉ ቢጫ በሆነበት ወቅት፣ ቄጠማ ለምለም ሆኖ የሚቆየው ከሥሩ ውሃ ሲኖር ብቻ መሆኑን ግን አንዳችንም አላሰብንም። የገጠር ልጅ የሆነችው እናቴ እንኳን በዚያች ሰዓት ያየችው በዓሉን ነው።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ቄጠማው ብቻ አልነበረም። የጎረቤቶቻችን ቤቶች መሠረታቸው በድንጋይ ሦስት እርከን ያህል ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ደጃፋቸው ላይ ለመድረስ ደረጃ ይወጣል። የእኛ ወለል ግን ከግቢው መሬት እኩል ነበር። ከአጥሩ ውጭ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሯል፤ በጥር ባዶ ስለነበረ ልጄ እየዘለለች ተጫወተችበት። ከቦዩ ማዶ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ ሰው ባሕር ዛፍ የሚተክለው ውሃውን እንዲመጥለት መሆኑን ማንኛውም የአካባቢው ገበሬ ይነግራችኋል። እነዚህን ሁሉ ዓይኔ አይቷል።

አፍንጫዬም አሽትቷል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ለሙያዬ ታማኝ አልሆንም። ቀማሽ ሰው በአፍንጫው ነው የሚኖረው። ሽቶ አንቀባም፣ ሥራ ካለ ነጭ ሽንኩርት አንበላም። ጥሬ ቡና ናሙና ሲመጣ መጀመሪያ እፍኝ አድርገን እናሸትታለን፤ ሻጋታ የነካው ቡና ገና ሳይቆላ ይታወቃል፤ ከጆንያው አፍ ላይ የቆየ ምድር ቤት፣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ይመጣል። ያን ቀን የመኝታ ክፍሉን በር ስከፍት ከአዲሱ ቀለም ሥር ያንኑ ሽታ አገኘሁት። ቆም ብዬ ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ 3,500 ብር አሰብኩ። ከ14,000 ብር ነው የመጣሁት። «ቤቱ ተዘግቶ ስለቆየ ነው» አልኩ ለራሴ። አንድ ላኪ እንዲህ ያለ ምክንያት ቢያቀርብልኝ ቡናውን አላሳልፍለትም ነበር።

የቤቱ ባለቤት የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ጠየቀ። ውል አልተጻፈም። ደረሰኝም አልነበረም። 21,000 ብር፣ ልክ የአንድ ወር ደመወዜን፣ ቆጥሬ ሰጠሁት።

የካቲት ጥሩ ነበር። መጋቢትም ክፉ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ማታ ይቆማል። የትንሣኤ ሰሞን በሚያዝያ አንድ ሌሊት ሳያቋርጥ ዘነበ። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬ እርጥብ ሲሚንቶ ነካ። ውሃው በበር አልገባም፤ ከታች ነው የመጣው፤ ወለሉ ራሱ አልቦታል። በሳምንቱ ከግድግዳው ግርጌ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ላይ ቀለሙ እየተቀረፈ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጣበት። በግንቦት የልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ከአልጋ ሥር ሆኖ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ። የእናቴ ጉልበት፣ አዲስ አበባ ሳለን በክረምት ብቻ ያስቸግራት የነበረው፣ በየቀኑ ያማት ጀመር።

በመጋዘናችን የቡና ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ነው የሚደረደረው፤ ከግድግዳም ይርቃል። ለውጭ ገበያ የሚላክ ቡና እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ ማለፍ ስለሌለበት ጠዋት ማታ በመለኪያ እንፈትሸዋለን። አንድ ቀን ማታ ቤት ገብቼ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ አየኋት። ለቡናው የማደርገውን ለእናቴ እንዳላደረግሁ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በማግሥቱ ከሥራ ቦታ ያረጁ ርብራቦች ለምኜ በጋሪ አስጭኜ መጣሁና አልጋዎቹን ከፍ አደረግሁ። ከግድግዳም አራቅኋቸው። ትንሽ ረዳን፤ ፍራሹ ግን ቀድሞ ሻግቶ ነበር።

መንገዱን ልንገራችሁ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ቀይ አፈር ነው። በበጋ ባጃጅ በአሥራ አምስት ብር ያደርሰኛል። ዝናብ ሲጥል ያ አፈር እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ባጃጁ ወይ ሃምሳ ብር ይጠይቃል፣ ወይ ጭራሽ አይገባም። ባለባጃጆቹን አልወቅስም። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቷል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጭቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሰነቅር የቀኑ ገቢ ለጥገና ይሄዳል። እኔ ግን ቦት ጫማ አድርጌ፣ የሥራ ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ ልጄን አዝዬ የምወጣባቸው ጠዋቶች እየበዙ ሄዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ናት።

በሰኔ አንድ እሑድ ደብተር ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። ቀደም ብዬ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ ልሠራው ይገባኝ የነበረ ሒሳብ ነው። ኪራይ 3,500 ብር። የእኔ መመላለሻ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ባጃጅ አሥራ አምስት፣ ሚኒባስ ሃያ፣ ሲመለስም እንዲሁ፣ በቀን ሰባ ብር፤ ቅዳሜንም ጨምሮ ለሃያ ስድስት የሥራ ቀናት 1,820 ብር። የልጄ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበረ በወር ኮንትራት ባጃጅ 1,500 ብር። ቧንቧው በግቢው ውስጥ ቢኖርም ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ነበር የሚመጣው፤ በጋሪ የሚመጣውን በቀን አራት ጀሪካን፣ አንዱን በአሥራ አምስት ብር ስንገዛ በወር 1,800 ብር። ድምሩ 8,620 ብር። ይህ እንግዲህ የፍራሹን፣ የመድኃኒቱን፣ ጭቃ ያስቀረኝን የሥራ ሰዓት ሳልቆጥር ነው። ርካሽ ያልኩት ቤት ከበጀቴ 2,620 ብር አልፏል።

ከዚያ ልጄ ታመመች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ። ደሟ ሲመረመር ወባ ነው ተባለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወባ የቆላ በሽታ ነው ብዬ አጎበር እንኳን አልገዛሁም ነበር። ያከመቻት የጤና ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት ሰፈር እንደምንኖር ነው። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ውሃ የሚተኛባቸው ቦታዎች አጠገብ ያሉ ሰፈሮች ልጆች በዚህ ሰሞን በብዛት እንደሚመጡ ነገረችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቆ እንደነበር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዜናው አዲስ አበባ ሳለሁም ነበረ፤ እኔን የሚመለከት አልመሰለኝም። ልጄ በአምስተኛው ቀን ተነስታ ሽሮ ጠየቀች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት አንድ ወር መጨመር አልፈለግሁም።

ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ ደላላ አልያዝኩም። መጀመሪያ የጠየቅሁት ባለባጃጆችን ነው። ደላላ ቤቱን ሊያከራይ ይፈልጋል፤ ባለባጃጅ ግን በቤቱ ኪራይ ጥቅም የለውም፤ የእያንዳንዱን ሰፈር ጭቃ በጎማው ያውቀዋል። ለአምስት ስድስት ሰዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የማቀርበው፦ «በሐምሌ፣ ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ በተለመደው ዋጋ የምትገባው የት የት ነው?» ሳያመነቱ ነው የነገሩኝ። አንደኛው እንዲያውም ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «እህቴ፣ ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ አንቺ ወደ ላይ ሂጂ» አለኝ።

ወደ ላይ ማለት በጅማ ወደ ጂረን በኩል ማለት ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው፤ ከመሃል ከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እሑድ ልጄን ይዤ ወጥቼ ከእንጨት ከተሠራው ሰገነት አካባቢ ሆኜ ከተማውን ቁልቁል ሳየው፣ ስድስት ወር የኖርኩበት ሰፈር የት እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። የአዌቱ ወንዝ መሃል ከተማውን አቋርጦ ወደ ዝቅተኛው ምድር ይወርዳል፤ ቆላማው ሜዳ በክረምት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጉማሬ የሚታይበት የቦዬ ረግረግ ያለባት ከተማ ውስጥ ቤት ስይዝ የመሬቱን አቀማመጥ አለመጠየቄ አሁንም ያናድደኛል። እነዚያ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት ለመኖሪያቸው ከፍታውን የመረጡት ለመከላከያም፣ ለክብርም ሊሆን ይችላል፤ የእግራቸው መድረቅም ሳይታሰብ የቀረ አይመስለኝም።

ቤተ መንግሥቱ አጠገብ መኖር ግን ለእኔ ሥራ ሩቅ ነው። ስለዚህ ከኮረብታው ግርጌ፣ ተዳፋቱ ከሚጀምርበት፣ ከአስፋልቱ የስምንት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ፈለግሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍልና ማድ ቤት አገኘሁ። የጭቃ ቤት ነው፤ ብሎኬት አይደለም። መሠረቱ ግን እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ድንጋይ ነው፤ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ስለሆነ ዝናቡ ግድግዳውን አይነካውም። የደረስኩት ሆን ብዬ ዝናብ ሲጥል ነበር። አዴ፣ ሁሉም በዚህ ስም ነው የሚጠሯቸው፣ በር ላይ ጥላ ይዘው ተቀበሉኝ።

«በዚህ ዝናብ ምን አስመጣሽ ልጄ? ነገ አትመጪም?»

«አዴ፣ ቤቱን በዝናብ ልየው ብዬ ነው።»

ትንሽ አዩኝና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። «ግቢ። እንዳሻሽ እይ። ሠላሳ ክረምት አሳልፏል።»

የመኝታ ክፍሉ ጥግ ሄጄ ተንበረከክሁ። ግድግዳውን በመዳፌ፣ ከዚያ በጉንጬ ነካሁ። አሸተትኩ። የእንጨት ጭስ፣ የእጣን፣ የደረቀ ጭድ ሽታ ነው። አዴ ምን እንደማደርግ ሳይጠይቁ ቆመው ጠበቁኝ፤ ከዚያ ቁጭ በይ ብለው ቡና አፈሉልኝ።

5,500 ብር አሉ። አልተከራከርኩም፤ ስሌቱን ቤት ሠርቼ ነበር የመጣሁት። ወደ አስፋልቱ በእግሬ ስለምወጣ የቀረኝ የሚኒባስ ሃያና ሃያ ብር ነው፣ በወር 1,040። ልጄ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤቷ ከአያቷ ጋር በእግር ትሄዳለች። ቧንቧው በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፤ አዴ ትልቅ ሮቶ ስላላቸው አይቸግረንም፤ የእኔ ድርሻ 200 ብር ገደማ ነው። ድምሩ 6,740። ከበጀቴ አሁንም 740 ብር ያልፋል፤ ከፊተኛው ቤት ግን በ1,880 ብር ያንሳል። ልዩነቱ በዓመት 22,560 ብር ነው፤ ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል።

ስለ ውሉም ትንሽ ልበል። የሥራ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውል ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም ይላል። አፈጻጸሙ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ እናንተ የምትሄዱበት ቦታ እንዴት እንደሆነ ከአስተዳደሩ ጠይቁ። የፊተኛው አከራዬ የስድስት ወር ሲጠይቀኝ ይህን ባውቅ ኖሮ ቢያንስ አራቱን ወር በእጄ አስቀር ነበር። በሚያዝያ ወለሉ ሲያልብ ወዲያው ያልወጣሁበት አንዱ ምክንያት የከፈልኩት ገንዘብ ነው፤ ሰው ለከፈለበት ቤት ሲል እርጥበቱን ይታገሳል። ከአዴ ጋር ስለ ጽሑፍ ሳነሳ ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ «መጻፉ ለእኔም ይበጃል፤ ነገ ብሞት ልጆቼ እንዳያስወጡሽ» ብለው ራሳቸው ሁለት ምስክር ጠሩ። የሁለት ወር ኪራይ በባንክ አስገባሁላቸው።

አሁን ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ እየሳሳ፣ የመጀመሪያው የደረቅ ቡና ናሙና ወደ ቤተ ሙከራችን እየገባ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሐዋሳ የተቀጠረ ወጣት ቀማሽ ደውሎልኝ ነበር። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ይመጣሉ፤ ከመምጣቱ በፊት ርካሽ ቤት እንድይዝለት ለመነኝ። የአንድ ቤት ፎቶግራፍም በስልክ ልኮልኛል፤ ከአንድ ደላላ ያገኘው ነው። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ዋጋውም በጣም ዝቅ ያለ ነው። ፎቶግራፉን በጣቴ አሰፋሁና የግቢውን ጥግ፣ የበሩን መድረክ ከፍታ አየሁ። ከዚያ መልሼ ደወልኩለት።

ያልኩት ይህን ነው፤ መጀመሪያ በየወሩ የሚከፈል አንድ ሰርቪስ ክፍል እይዝላችኋለሁ፤ እቃችሁን ሁሉ አታምጡ፤ ፍራሽ፣ ማብሰያና ልብስ ይበቃል። እስከ ሚያዝያ እዚያ ቆዩ። ባለቤትህ የምትታይበትን ጤና ጣቢያ፣ አንተ የምትሳፈርበትን ቦታ፣ ገበያውን በእግራችሁ ለዩት። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ደውልልኝ፤ አብረን ቤት እናያለን። ለሦስት ወር በአንድ ክፍል መጣበብ እንደሚከብዳቸው ነገረኝ። እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ አልኩት፤ ቢሆንም ሕፃኑ በእርጥብ ግድግዳ አጠገብ እንዲወለድ አልፈልግም።

አጎበር ግን ዛሬውኑ ገዝቼላቸዋለሁ። አዴ ማድ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ሲመጡ ይወስዱታል።